እናቴን ሳስታምም እኔ አለቅሁ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። መምህርት፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የ76 ዓመት እናቴን ከቢቸና አካባቢ አምጥቼ አብራኝ መኖር ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ሐኪም የመርሳት በሽታ እንደሆነ ነግሮናል። ገንዘቧን ራሷ ትደብቅና «ሰረቅሽኝ» ትለኛለች። ፀሐይ ስትጠልቅ «ወደ ቤቴ ውሰጂኝ» እያለች በር ትደበድባለች። ካለፉት ሁለት ሳምንታት ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ብሶባት ሌሊቱን ሙሉ አትተኛም፤ የሌለ ሰው ታነጋግራለች። ጎረቤት «ጸበል ውሰጃት» ይላል። አዲስ አበባ ያሉት ወንድሞቼ በስልክ ይመክሩኛል፤ አሁን ደግሞ «በየሦስት ወሩ እየተቀባበልን እንያዛት» ብለዋል። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ላይ ተናድጄ እጇን ጠምዝዤ አልጋው ላይ ገፈተርኳት። ከዚያ ወዲህ ራሴን እጠላለሁ። አንዳንዴ «ምነው ባረፈች» እላለሁ። ልቤ ይመታል፤ እሷ ብትተኛ እንኳ እኔ አልተኛም። ለእሷ የእንቅልፍ መድኃኒት ይኖር ይሆን? እኔስ ምን ልሁን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፍሽው ሁሉ ጊዜ የማይሰጠው አንድ ነገር አለና ከእሱ ልጀምር። እናትሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጭራሽ ባሰባቸው ብለሻል። የመርሳት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ፍጥነት አይገፋም፤ አካሄዱ በወራትና በዓመታት ነው። ሰሞኑን ደህና የነበረ ሰው በቀናት ውስጥ የሌለ ሰው ማነጋገር ከጀመረ፣ ቀንና ሌሊት ከተምታታበት፣ አንዴ ፈዝዞ አንዴ ተቆጥቶ ከዋለ፣ በመርሳቱ ላይ ሌላ ሕመም ተደርቧል ብለን ነው የምንመረምረው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቀላል የሚመስል ነገር ነው፦ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ በቂ ውኃ አለመጠጣት፣ ለቀናት የቆየ የሆድ ድርቀት፣ ሊናገሩት ያልቻሉት የጥርስ ወይም የወገብ ሕመም፣ በቅርቡ የተጀመረ መድኃኒት። ወድቀው ራሳቸውን መትተው ከነበረ ደግሞ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ደም ቀስ በቀስ ሊጠራቀም ይችላል፤ አወዳደቃቸው ከሳምንታት በፊት ቢሆንም ለሐኪሙ ንገሪ። በእሳቸው ዕድሜ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት ሊመጣ ስለሚችል «ሰውነታቸው አይተኩስም» ብለሽ አትዘናጊ።

ስለዚህ ነገ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቂና ሆስፒታል ውሰጃቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛውን የጉንፋን ክኒን ሳይቀር፣ በፌስታል አድርገሽ ያዢ። የሽንት፣ የስኳር፣ የደም ማነስና የኩላሊት ምርመራ እንዲሠራላቸው ጠይቂ። ከዚህ ቀደም የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 መጠናቸው ታይቶ ካልሆነ እነዚህም ይታዩ፤ ጉድለታቸው መርሳትን ሊያመጣ ወይም ሊያባብስ የሚችል፣ ግን የሚታከም ነገር ነው። ጆሯቸውንም አሳዪ። በኩክ የተደፈነ ጆሮ ያለበት ሰው የሚነገረውን ግማሹን ብቻ ሰምቶ ግማሹን በፍርሃት ይሞላዋል።

የእንቅልፍ መድኃኒት ብለሽ ለጠየቅሽው፣ ምርመራው ሳያልቅ አይሆንም፤ ካለቀም በኋላ በጥንቃቄ ነው። ዳያዜፓም የተባለው ማስተኛ ክኒን አረጋውያንን ያደነዝዛል፤ ለሽንት ሲነሡ ይጥላቸዋል፤ በዚህ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ስብራት ደግሞ የአልጋ ቁራኛ ሊያደርግ ይችላል። ብዙ ጊዜ ለእንቅልፍ ተብሎ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ለማስታወስ የሚያስፈልገውን የአንጎል ኬሚካል ሥራ ስለሚያግድ መርሳቱን ያከፋዋል። እነ ሃሎፔሪዶል፣ ማለትም ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡት መድኃኒቶች፣ ደግሞ የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ ታውቆ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ለአዳዲሶቹ፣ በ2008 ለነባሮቹ የዚህ ዘር መድኃኒቶች ከባድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሰውን ወይም ራሳቸውን ለአደጋ በሚያጋልጡበት ጊዜ ሐኪም በትንሽ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ሊያዝዛቸው ይችላል። ጎረቤት የተረፈውን ክኒን ሲሰጥሽ ግን እባክሽ አትቀበዪ። ለአንቺ የታዘዘውንም ለእሳቸው አትስጪ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ስለ ራስሽ የጻፍሽው መጨረሻ ላይ ነው፤ የመጣሽበት ዋናው ጉዳይ ግን እሱ ነው። በዚህ ሙያ ስሠራ በጽኑ የማምንበት አንድ ነገር አለ። የአስታማሚዋ ዕረፍት የሕክምናው አካል ነው፤ እኔስ ከክኒኑም አስቀድመዋለሁ። አልዛይመርን፣ ማለትም ከመርሳት በሽታዎች ሁሉ በብዛት የሚታየውን፣ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። እንደ ዶኔፔዚል ያሉት ለአንዳንዱ ሰው መጠነኛ ጥቅም ይሰጣሉ፤ ከዚያ በላይ መጠበቅ አይቻልም። እናትሽ ዛሬ በሰላም ይዋሉ ወይስ በጭንቀት የሚለውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው አጠገባቸው ያለው ሰው ፊት፣ ድምፅና ትዕግሥት ነው። ያ ሰው ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ከሆነ ትዕግሥት ከየት ያመጣል? የዓለም ጤና ድርጅት እንዳወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ቤተሰብ አስታማሚዎች በአማካይ በቀን 5 ሰዓት በዚሁ ሥራ ያሳልፉ ነበር፤ ከእንክብካቤው ሰዓት 70 በመቶ የሚሆነውን የሚሸከሙትም ሴቶች ናቸው። አንቺ ቀኑን ከክፍል ወደ ክፍል ስትሯሯጪ ውለሽ ሌሊቱን በር ስትጠብቂ ታነጊያለሽ። ይህን ማንም ሰው ብቻውን ችሎት አያውቅም። ስለዚህ «ምን ዓይነት ልጅ ነኝ» የሚለውን ጥያቄ ትተሽ «ይህን ሸክም ለምን ብቻዬን ያዝኩት» ብለሽ እንድትጠይቂ እፈልጋለሁ።

እጃቸውን ስለጠመዘዝሽበት ሌሊት ሳላድበሰብስ ልናገር። መደገም የለበትም። ቆዳቸው ስስ፣ አጥንታቸው የሳሳ ነው፤ የሆነውን ቢረሱት እንኳ ፍርሃቱ በውስጣቸው ሊቀር ይችላል፤ አንቺን ሲያዩ ምክንያቱን ሳያውቁት ሊሸሹ ይችላሉ። ክንዳቸውና ዳሌያቸው ላይ ሰንበር ወይም እብጠት ካለ ለሐኪሙ የሆነውን እንዳለ ንገሪው። ደብቀሽ ከምትጨነቂ ተናግረሽ ብታለቅሺ ይሻላል። ነገር ግን ያን ሌሊት እንደ ማንነትሽ ምስክር አትውሰጂው። ስንት ሌሊት ሳትተኚ ቆይተሽ እንደነበረ አስቢ። እንዲህ ያለ ነገር የሚፈጠረው ክፉ ልብ ላይ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ተተኪ የሌለው ሰው ላይ ነው። ቁጣው ከሆድሽ ተነሥቶ መንጋጋሽን ሲያስጨንቅሽ ከተሰማሽ፣ እናትሽ የሚወድቁበት ወይም የሚቃጠሉበት ነገር አጠገባቸው አለመኖሩን አይተሽ ከክፍሉ ውጪ። በር ላይ ቁሚ፤ ፊትሽን ታጠቢ፤ ትንፋሽሽን ቀስ ብለሽ አውጪ። ለአምስት ደቂቃ መጮሃቸው ከእጅሽ ይሻላቸዋል። ከዚያም ሌላ ሰው ቀስቅሺ።

ሌላ ሰው ስል፣ ባለትዳር ነኝ ካልሽ በኋላ ስለ ባለቤትሽ አንድም ቃል አለመጻፍሽን አስተውያለሁ። ምናልባት «የእኔ እናት ናት» ብለሽ እሱን አላስቸገርሽው ይሆናል። ዛሬ ማታ ሌሊቱን ለሁለት ክፈሉት፤ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት እሱ ይንቃ፣ ከዚያ አንቺ። አራትና አምስት ሰዓት ያልተቆራረጠ እንቅልፍ ያገኘች ሴት ጧት ሌላ ሰው ናት። ከተቻለ የምትተኚበት ክፍል ከእሳቸው የተለየ ይሁን።

«ምነው ባረፈች» ስላልሽው፣ ይህን ሐሳብ ከአስታማሚዎች አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚናገሩት። የእናትሽን ሞት የተመኘሽ አይመስለኝም፤ ስቃዩ እንዲያበቃ ነው የተመኘሽው። ደግሞም አንቺ ሐዘን ላይ ነሽ። ምክር ይሰጡሽ፣ ጸጉርሽን ይሠሩልሽ፣ ስምሽን ያቆላምጡ የነበሩት እናት ቀስ በቀስ እየሄዱ ነው፤ ሰውነታቸው ግን ቤት ውስጥ አለ። በአገራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አይተውም። ለአንቺ ሐዘን ግን ማንም ልቅሶ አልደረሰም፤ «እናትሽ እኮ አሉልሽ» ብለው ያልፋሉ። ስለዚህ የምታምኛት አንዲት ጓደኛ ወይም እህት ፈልጊና ስለ ቀድሞዋ እናትሽ አውሪ፤ አልቅሺም። ይህ ድክመት አይደለም።

ምሽቱን በተመለከተ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ መረበሽ በዚህ በሽታ በጣም የታወቀ ነው። ድካም፣ የብርሃን ማነስ፣ ጥላ፣ የቤቱ ግርግር ሁሉ ይጨምሩበታል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከመጨለሙ በፊት፣ መብራት አብሪ። ቡናቸው ከምሳ በፊት ያብቃ። ቀን ላይ ረጅም እንቅልፍ እንዳይተኙ፣ ጧት ፀሐይ ላይ እንዲቀመጡና ትንሽ እንዲራመዱ አድርጊ። እጃቸው ሥራ ይፈልጋል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩበት እጅ ነውና። ጥጥ አምጪላቸው፤ ያባዝቱ፣ ከቻሉ ይፍተሉ። ምስር ይልቀሙ። የለቀሙትን ምስር ማታ እንደገና ቀላቅለሽ ነገ ብትሰጫቸው ማንም አይጎዳም። የቆየው ትዝታ መጨረሻ ላይ ነው የሚሄደው፤ የቁርሱን የረሳ ሰው ውዳሴ ማርያምን ሳያዛንፍ ሲያደርስ ትሰሚያለሽ። ያንን ምሽት ላይ አብረሻቸው አድርሺ።

«ወደ ቤቴ ውሰጂኝ» ሲሉ «ቤትሽ ይኸው ነው» ብለሽ አትከራከሪ። ምናልባት እየፈለጉ ያሉት ሣር ክዳኑን ሳይሆን በዚያ ቤት ውስጥ ይሰማቸው የነበረውን ደኅንነት ነው። «እማዬ፣ ቢቸና ጓሮሽ ውስጥ ጌሾ ነበር አይደል? ማን ነበር የተከለው?» ብለሽ ጠይቂ። እያወሩ ይቀመጣሉ። ካልተቀመጡ ነጠላቸውን አልብሺና በግቢው ዙሪያ አንድ ጊዜ አብረሻቸው ዙሪ፤ ብዙዎቹ ተመልሰው ሲገቡ «ደረስን» ይላሉ።

ስርቆቱም እንደዚሁ ነው። አእምሮ ያስቀመጠበትን ሲያጣ ክፍተቱን በአንድ ታሪክ ይሞላል፤ በታሪኩ ውስጥ ሌባ የሚሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅርብ ያለው ሰው ነው። አዲስ አበባ ያሉት ወንድሞችሽ የማይከሰሱት አጠገባቸው ስለሌሉ ብቻ ነው። «አልሰረቅኩም» ብለሽ መማል አያዋጣም። «ውይ፣ ጠፋ? ነይ አብረን እንፈልግ» በይ። ዋናውን ገንዘብ አንቺ ያዢና ዝርዝር ብሮች በጨርቅ ቋጥረሽ መቀነታቸው ውስጥ አኑሪ፤ ሲጠፋ የምትተኪው ሌላ ቋጠሮም ይኑርሽ። ልጆችሽንም አስቀምጠሽ ንገሪያቸው፤ «አያታችሁ የሚሳደቡት አንጎላቸው ስለታመመ ነው፤ እናንተ ምንም አላጠፋችሁም» በያቸው። ልጆች ካልተነገራቸው ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ይወስዱታል።

ስለ ቤቱ ደኅንነት ባጭሩ። መጸዳጃው ውጭ ከሆነ ለሌሊት ፖፖ አልጋቸው አጠገብ ይኑር። የከሰል ምድጃ ከሚያድሩበት ክፍል ይውጣ። በራቸው ላይ ሲከፈት ድምፅ የሚያሰማ ነገር ስቀዪ። ስልክ ቁጥርሽን በጨርቅ ላይ ጽፈሽ ቀሚሳቸው ውስጥ ስፊ። በሰፈርሽ የሚቆሙትን የባጃጅ ሾፌሮችና የቤተ ክርስቲያኑን ጠባቂ «እኚህን እናት ብቻቸውን ካያችሁ ደውሉልኝ» ብለሽ አስተዋውቂ። የመርሳት በሽታን የቤተሰብ ነውር አድርጎ የሚደብቅ ቤት እነዚህን ሁሉ ዓይኖች ያጣል።

ይህ ሁሉ ግን አንቺ ብቻ የምትሠሪው ከሆነ ሌላ ሸክም ጨመርኩብሽ ማለት ነው። ጎጃም የተወለደ ሰው ወንፈል ምን እንደሆነ አይጠፋውም፤ ዛሬ የአንተን አጭዳለሁ፣ ነገ የእኔን ታጭዳለህ ነው። ለእርሻ የሠራው ለማስታመምም ይሠራል። አንዲት ጎረቤት በገበያ ቀን ለሦስት ሰዓት እናትሽ ዘንድ ትቀመጥ፤ አንቺ ደግሞ የእሷን ልጅ ሒሳብ አስጠኚ ወይም በሌላ ቀን ቤቷን ጠብቂላት። ልመና እንዳይመስልሽ፤ ብድር ነው። ለዕድርሽም ተናገሪ። ዕድራችን ሰው ከሞተ በኋላ ያለውን ነገር አሳምሮ ያውቃል፤ በሕይወት ያለውን በሽተኛና አስታማሚውን መጠየቅም ከተነገረው ይችላል። ብዙዎቹ የማይመጡት ምን እንደሚሠሩ ስለማያውቁ ነው። «አይዞሽ» ስትባዪ «እግዜር ይስጥልኝ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እስከ ምሳ ድረስ ልትይዢልኝ ትችያለሽ?» በያት። ሰዓቱና ቀኑ የተቆረጠ ነገር ሲጠየቅ ሰው እሺ ይላል።

በተገኘው ሦስት ሰዓት ልብስ አትጠቢ። ተኚ፣ ወይም ውጪና ሰው አግኚ።

ጸበሉን በተመለከተ ጎረቤቶችሽ ክፉ አልመከሩሽም። እናትሽ የኖሩበት እምነት ነው፤ በቅዳሴና በጸበል የሚያገኙት መረጋጋት እውነተኛ ነው። የማልስማማባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። መድኃኒት አይቋረጥ። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በግድ አይንከሩ፤ የግዳጅ ነገር ሁሉ ያስደነግጣቸዋል። ማሰርማ በምንም ምክንያት አይሁን። ጾምም አለ፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የጾሙ እናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉና ሳይጠጡ፣ መድኃኒትም ሳይወስዱ ይውላሉ፤ አንቺ ብታግባቢያቸው አይሰሙሽም። የንስሐ አባታቸውን ጥሪ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለደከመ ሰው ጾምን እንደምታቀልል እሳቸው ያውቃሉ፤ «ብሉ፣ መድኃኒታችሁን ውሰዱ» ብለው በአፋቸው ቢነግሯቸው፣ የሐኪምን ቃል የረሱት እናት የካህንን ቃል ሊታዘዙ ይችላሉ። በየሳምንቱ መደገም ቢያስፈልገውም ያዋጣል።

አንቺም መታከም ሊያስፈልግሽ ይችላል። ልብ መምታቱ፣ እናትሽ ተኝተው እንኳ እንቅልፍ እምቢ ማለቱ፣ ራስን መጥላቱ ድካም ብቻ ላይሆን ይችላል። ከሁለት ሳምንት በላይ ቀኑን አብዛኛውን ከከፋሽ፣ ትወጂው የነበረው ነገር ካስጠላሽ፣ ምግብ ካልበላልሽ፣ ክፍል ውስጥ ሐሳብሽ ከተበተነ ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ድባቴ ደግሞ በምክክርም በመድኃኒትም የሚታከም በሽታ ነው። እናትሽን ይዘሽ ስትሄጂ ለራስሽም ካርድ አውጪ። ደም ግፊትሽን፣ የደም ማነስሽንና ታይሮይድሽን ይዩልሽ፤ ከአእምሮ ሕክምና ክፍልም ቀጠሮ ያዢ። ባሕር ዳር ያሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች ዘንድ መሄድ ቢያስፈልግ እዚያው ሪፈር ይጽፉልሻል። የመሞት ሐሳብ በአንቺ ላይ ከመጣ ወይም እናትሽን እንዳትጎጂ ከፈራሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ያኑ ቀን ለባለቤትሽ ተናግረሽ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

የቀረው የወንድሞችሽ ሐሳብ ነው። ከልባቸው እንዳሉት አምናለሁ፤ ግን በየሦስት ወሩ መቀባበሉን አልደግፍም። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው የሚኖረው በለመደው ነገር ተደግፎ ነው፤ አልጋው በየት በኩል እንዳለ፣ በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ ጧት የሚሰማው ደወል የየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ እግሩና ጆሮው ያውቁለታል። ያንን በየሦስት ወሩ መንቀል፣ በዚያም ላይ የአባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ ድረስ መመላለስ፣ በየጊዜው እንደገና ያደናግራቸዋል። እናትሽ ከሚሄዱ ወንድሞችሽ ይምጡ።

የቤተሰብ ጉባኤ ጥሪ፤ በስልክም ይሁን በአካል፣ ወንድሞችሽ የሚያከብሩት አንድ ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባታችሁ ይገኙበት። «ደከመኝ» ብቻ ብለሽ አታቁሚ፤ የምትፈልጊውን በቁጥርና በቀን አስቀምጪ። አንደኛው ለቀን ጠባቂ ሠራተኛ የሚሆነውን ደመወዝ በየወሩ ይላክ። ሌላው የመድኃኒቱንና የምርመራውን ወጪ ይያዝ፤ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባልነት በእናትሽ ስም መኖሩንም እሱ ይከታተል። ሁለቱም በዓመት ውስጥ በተለያየ ጊዜ ፈቃድ ወስደው ደብረ ማርቆስ ይምጡና ቢያንስ ለአንድ ሳምንት እናታቸውን ይያዙ፤ በዚያ ሳምንት አንቺ ከቤት ውጪ፣ ዘመድ ዘንድ ሂጂ። እዚያው ቤት ከቆየሽ ሌሊት በር ሲደበደብ የምትነሺው አንቺ ነሽ። የተስማማችሁበትን ጻፉት፤ ሽማግሌውም ይያዙት። ሠራተኛዋን ስትቀጥሪ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አንቺ ቤት ባለሽበት አለማምጃት፤ ስለ መቀነቱና ስለ ቢቸናው ጓሮ የነገርኩሽን እሷም ትወቀው። የዓመት ፈቃዱን ነገር ከሁሉ አስቀድመሽ አንሺ፤ ወንድሞችሽ ከመሥሪያ ቤታቸው ለመጠየቅ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል።